ሳህኑ ውስጥ የታጣው ወንድ ልጅ

ፕሮፌሰሯ በበረዶ ክፍሉ በር ሥር እንደተኮራመቱ ሞተው ተገኙ። ጥፍሮቻቸው ደምተዋል፤ በአንድ እጃቸው የናሙና ብልቃጥ ጨብጠዋል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ተፈትቶ ተወስዷል። ልባቸው ደካማ ስለነበር ቅዝቃዜው ብዙ አላቆያቸውም።

ተማሪያቸው ጥርጣሬው እሷ ላይ እንደሚወድቅ ገባት። ጠዋት ከእሳቸው ጋር በረዶ ክፍሉ ገብታ ቀድማ የወጣችው እሷ፣ ትናንት የተጨቃጨቀቻቸውም እሷ። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት መርማሪ የቤተ ሙከራውን በር አስዘግቶ «ማንም አይወጣም» ሲል ግድግዳው የተጠጋት መሰላት።

የፕሮፌሰሯ ምክትል ቀደም ብሎ ተናገረ።

«ዛሬ ከተወለደ ወንድ ልጅ እንግዴ ልጅ ላይ የልጁን ተከላካይ ሴሎች ስለይ ነው ያረፈድኩት። ቀና እንኳ አላልኩም። ሳህኑ ይኸው።»

«እውነት ነው፣ በዚህ በር ማንም አልወጣም» አለ የቤተ ሙከራው ጥበቃ። «የበረዶ ክፍሉ ግን ጓዳ ነው፤ ለእኔ አይታየኝም።»

መርማሪው ወደ ተማሪዋ ዞረ።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሴሎች የማን ናቸው? የእናት ናቸው የልጅ?»

«የሁለቱም። ውስጥ ያሉት የልጁ ናቸው፤ ገና ጽንስ ሳለ እዚያው ይፈጠራሉ። ላዩ ላይ የተለጠፉት ከእናቱ ደም የመጡ ናቸው።»

«እንዴት ትለያላችሁ?»

«ላዩን ገፈን፣ አጥበን፣ ከዚያ ውስጡን እንፈታለን። ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

«ላዩን ብቻ ፍቆ የወሰደስ?»

«ቶሎ ይገላገላል። የሚያገኘው ግን የእናትየዋን ነው።»

መርማሪው ሳህኑንና ብልቃጡን ለምርመራ ላከ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውጤቱ መጣ፤ መርማሪውም ሁሉንም በረዶ ክፍሉ ደጃፍ ሰበሰበ።

«ልጁ ወንድ ነው። ሳህኑ ውስጥ ግን የወንድ ሴል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጌታው ላዩን ብቻ ፍቀዋል፤ የተረፈዎትን ጊዜ የት አሳለፉት?» አለ ወደ ምክትሉ ዞሮ።

«መቸኮል ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን በየጉባኤው የልጅ ሴል ነው እያሉ ያስጨበጨቡበትም እንዲሁ የተፋቀ ነበር። ፕሮፌሰሯ ጠርጥረው የድሮ ናሙናዎን ሊያወጡ ገቡ፤ ሲሞቱም ብልቃጡ በእጃቸው ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እርስዎ ግን ሰው ቆለፉ።»

«እሷም አብራቸው ገብታለች!»

«ገብታለች። በሩን ያስዘጋሁት ግን ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ለእጀታው ነው። ከዚህ ቤት ማንም ካልወጣ እሱም አልወጣም።»

ምክትሉ ሳያስበው የጋዋኑን ኪስ በእጁ ሸፈነ። ጥበቃው እጁን አንስቶ ኪሱን ሲገለብጠው የእጀታው ብረት ወለሉ ላይ ወደቀ።

ምክትሉ ተወሰደ፤ በሩም ተከፈተ። ተማሪዋ ግን መውጣት አቃታት።

«ትናንት በምን ነበር የተጣላችሁት?» አላት መርማሪው ቀስ ብሎ።

«‹ሴሉ አልጠራም፤ ደግመሽ እጠቢው› ብለውኝ ነው» አለችና አለቀሰች። «እኔ ደግሞ ሰለቹኝ አልኳቸው።»