ዝቅ ያለችው መኪና

ሟቹ የተገኘው አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲፈታትና ሲገጥማት በኖረው ነጭ የጃፓን ስፖርት መኪና ስር ነው። ያገኘው ታላቅ ወንድሙ፣ የጋራዡ ባለቤት ሜካኒኩ ነበር። የመኪናዋ ፊት ተደግፎባቸው ከነበሩት ሁለት የብረት ድጋፎች ላይ ተንሸራቶ ወድቋል፤ የእጅ ፍሬኗም ተለቋል። በማግስቱ ወንድማማቾቹ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የውድድር ዙር መንገድ ላይ ሊነዷት ተመዝግበው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሜካኒኩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ፍሬኑን ሳልስብ ሄጄ ነው።»

«ሳይስቡ መሄድዎን ያስታውሳሉ?»

«መሳቤንም አላስታውስ። በቀን ሃያ ጊዜ የምስበው ነገር ነው፤ የቱን ከየቱ ልለየው?»

ኢንስፔክተሯ መኪና መንዳት አትችልም። ሃምሳ ዓመቷን በታክሲና በእግሯ ገፍታዋለች። ባልደረቦቿ ሲያሾፉባት «እናንተ ስትነዱ እኔ አያለሁ» ትላቸዋለች። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የማታውቀውን ሁሉ ያለ ሃፍረት ትጠይቃለች፤ ሰውም የማያውቅ ሰው ፊት ሲቆም አፉ ይፈታል።

«እንደ ልጅ ይቁጠሩኝና ጠዋት የሆነውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አለችው።

«ፊቷን አነሳኋት። ድጋፎቹን አስገባሁ። ወንድሜ ከስር ተኝቶ የማርሹን ዘንግ ሊያስተካክል ስለነበር ማርሹን ነፃ አደረግነው። አምስት ሰዓት ላይ ጣውላዎቻችንን ላስተካክል ወደ አናጢ ቤት ሄድኩ።»

«ከኋላ ጎማዎቹ ስር እንዳይንከባለሉ የሚደረግ ታኮ አልነበረም?»

«አልነበረም። የእጅ ፍሬኑ ይበቃል ብዬ።»

ቅዳሜ የሟቹን ሚስት ቤቷ ሄዳ አገኘቻት። የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ዐይኗ ደርቋል።

«የዛሬው ውድድር የመጨረሻው ይሆን ነበር» አለች። «ከዚያ ስፕሪንጓንም ወንበሯንም ወደ ድሮው መልሶ የቤት መኪና ሊያደርጋት ነበር። ልጅ የኋላ ወንበር ይፈልጋል አለኝ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ያውቃል። ላፕቶፕ የምንለው ጓደኛው ግን አልሰማም፤ አርብ እነግረዋለሁ ብሎ ነው የወጣው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔን ያስጨነቀኝ ጋሼ ነው። እናታቸው ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ገና አልሰሙም። ‹እኔ ገደልኩት ብዬ እናቴ ፊት ከምቆም ብሞት ይሻለኛል› እያለ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጧል። ይሄ ሰው በራሱ ላይ አንድ ነገር እንዳያደርግ።»

ኢንስፔክተሯ አጠገቡ የሚሆን አንድ ፖሊስ ላከችና ወደ ሁለተኛው ሰው ሄደች።

ላፕቶፕ የሚሉት የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለውን ኢንጂነር ነው። ስድስት ዓመት ከሟቹ ሳይለይ፣ ሥራውን ግን ሁሉ ከወንበር ሳይነሳ ሠርቷል። ጫማው ንጹህ ነው፤ ጋራዥ የሚውል ሰው ጫማ አይመስልም።

«አርብ ጋራዡ ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ገመዴን ከመሪው ስር ሰክቼ ስሠራ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ጋሼ ራሱን የሚወቅሰው በከንቱ ነው። እኔ ስወጣ መኪናዋ መሬት ላይ ነበረች። ከፍታዋን ልንለካ አውርደናት ነበር። ወንድሙ ክሪኩን ከግድግዳው አምጥቶ ከፊቷ ስር እየገፋ ሊያነሳት ሲል ነው የተለየሁት። ፍሬን የረሳው እሱ ራሱ ነው።»

«ጣውላ ይዞ ነበር?»

«የምን ጣውላ?»

«ምንም። አናጢ ነገር ሰምቼ ነው» አለችና ማስታወሻዋን ዘጋች።

ይህ ቃል ለሜካኒኩ ሲነገረው ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣ። ኢንስፔክተሯ ሲጠጣ አየችው፤ የምትሠራው ሥራም ከበዳት።

ሦስተኛው ሰው የጎረቤቱ ጎሚስታ ነው፤ በመኪናዋ የጭስ ማውጫ፣ በማርሚታዋ ጩኸት የተነሳ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ዓመት አልፎታል።

«አዎ ተጣልተናል» አለ ጎማ እያገላበጠ። «እሱ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ደንበኛዬ ጎማዬ ፈነዳ ብሎ ይደነግጣል። ግን ታላቅየው ሲጮህ ሮጬ የገባሁት እኔ ነኝ። አራት ሆነን በእጃችን ነው ያነሳናት።»

«ክሪክ እያለ በእጅ?»

«አይገባማ! ረቡዕ አዲስ ስፕሪንግ ገጥመው ከመሬት ሊያጣብቋት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ ክሪክ እንዲገባ መጀመሪያ ሁለት ጣውላ ላይ ገፍተው ያወጧታል። ጣውላዎቹን ደግሞ ታላቅየው አርብ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ፒካፑ ላይ ጭኖ ሲወጣ አይቻለሁ። የመጣውም ስምንት ሰዓት ነው።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ቆማለች። ሜካኒኩ ከሰው ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ የወንድሙ ሚስት ወንበር ላይ፣ ጎሚስታው በሩ ላይ ናቸው።

«አንተ» አለችው ላፕቶፕን፤ «ሟቹ አርብ ያደረገውን አሳየን። ክሪኩን ከፊቷ ስር አስገባ።»

ላፕቶፕ ተንበርክኮ ገፋ። ክሪኩ የፊት መከላከያዋን ገጭቶ ቆመ። በቀኝ ሞከረ፤ በግራ ሞከረ። አልገባም።

«ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ትበል ብለህ ቁጥሩን የሰጠኸው ራስህ ነህ» አለች። «ቁጥሩን ታውቃለህ። አንስተሃት ግን አታውቅም። ጣውላዎቹ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት እዚህ አልነበሩም። ስለዚህ መኪናዋ መሬት አልወረደችም፤ ሟቹም ክሪክ አልገፋም። አየሁ ያልከውን አላየህም።»

ላፕቶፕ ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። «እሺ፣ ዋሸሁ። ለጋሼ አዝኜ ነው። ይሄም ወንጀል ነው?»

ሜካኒኩ ዐይኑን ጨፈነ። «ስለዚህ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ይቆዩ» አለችው ኢንስፔክተሯ። ከዚያ አብሯት ወደመጣው ፖሊስ ዞራ «የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው» አለችው።

ፖሊሱ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ለቀቀው። መኪናዋ ማንም ሳይነካት ወደ በሩ ተንከባለለች። ጎሚስታው ዘሎ ከመንገዷ ሲወጣ ፖሊሱ ፍሬኑን መልሶ ሳበው።

«ይህ ወለል የእጥበት ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ያዘነብላል። ማርሿ ነፃ የሆነ መኪና ያለ ፍሬን እዚህ አንድ ደቂቃ አትቆምም። አርብ ጠዋት ፍሬኑ ባይሳብ ኖሮ ገና ክሪኩ ሲነካት ትሄድ ነበር እንጂ ድጋፍ ላይ አትወጣም። ወጥታለች፤ ከአምስት ሰዓት በኋላም ሰው ከስሯ ሲሠራ ቆማለች። እርስዎ ፍሬኑን ስበዋል» አለችው ሜካኒኩን። «የለቀቀው ሌላ ሰው ነው። ከስር የተኛ ሰው እጁ እዚያ አይደርስም። የሾፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ይደርሳል፤ ተቀምጬ ነበር ያለንም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ላፕቶፕ ሚስቲቱን ሊያይ ሞከረና አልሆነለትም።

«ከስር ሆኖ ነው የነገረኝ» አለ። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ከቅዳሜ በኋላ ኮምፒውተሯን ወደ ድሮው መልስልኝ፣ የቤት መኪና ላደርጋት ነው› አለኝ። ስድስት ዓመት። እሱ ሚስት አለው፣ ልጅ ሊመጣለት ነው። እኔ ያለችኝ ይህች መኪና ናት። እጄ ፍሬኑ ላይ ነበር።»

«ትወድቃለች ብለህ አላሰብክም?»

«አሰብኩ» አለ ላፕቶፕ።

ሚስቲቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ፖሊሱ ሲወስደው አየች። ጎሚስታው ኮፍያውን አውልቆ ተከትሏቸው ወጣ።

ሜካኒኩ ከግድግዳው አልተላቀቀም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ታኮ ባደርግ ኖሮስ?»

ኢንስፔክተሯ ሊያጽናና የሚችል ውሸት ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰማው ቆይታለች።

«አትንቀሳቀስም ነበር» አለችው። «እሱን አልደብቅዎትም። ወንድምዎን ግን እርስዎ አልገደሉትም። ፍሬኑን ስበዋል።»

ሜካኒኩ ቀኝ እጁን አየ፤ ከዚያ አርብ ዕለት ያልመጣው ለቅሶ መጣ። ሚስቲቱ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቡ ቆመች፤ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«እማማ ምሳ አልበሉም» አለችው በመጨረሻ። «አንተን ካላየሁ አልበላም ብለዋል።»

ፊቱን በክንዱ ጠረገና የፒካፑን ቁልፍ ሰጣት።

«አንቺ ንጂ፤ እኔ ዛሬ አልችልም» አላት። «የታኮውንም ቢሆን ለእናቴ ራሴ ነኝ የምነግራት።»