ማሽንህን አጥፋ

ወርቅ ቆፋሪው ጓዴ፣ ከአፈር በታች ብረትም ወርቅም ሲያገኝ የሚጮኸውን ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት እንደ ልማዱ ቀበቶውን ፈታ፤ ቢላዋውንና ቁልፉን አካፋው ካለበት ዛፍ ሥር አኖረ። “ብረት ይዞ የሚፈልግ ራሱን ሲቆፍር ይውላል” ይላሉ ወርቅ ፈላጊዎች ሲቀልዱ። ግራ ቅልጥሙ ውስጥ ሐኪሞች ያስገቡለትን ብረት ግን የትም ሊያኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ከማሽኑ ጫፍ ያለውን፣ መሬቱን የሚጠርገውን ሳህን ከዚያ እግሩ አርቆ መፈለግ ለምዷል።

የሚፈልገው ወርቅ አልነበረም። አምና የሚቆፍሩት የወርቅ ጉድጓድ ሲደረመስ እሱ እግሩን ተሰብሮ ወጣ፤ ታላቅ ወንድሙ ይስማው ግን የራሱን ማሽን እንደያዘ እዚያው ቀረ። የክረምቱ ጎርፍ ይህን ሸለቆ ስላገላበጠው ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደነበር አይታወቅም። እናታቸው “አጽሙን ሳላይ አላለቅስም” ብላ በር በሩን እያየች ትውላለች። የማሽኑ ብረት ከተገኘ ይስማውም ይገኛል።

ሰማዩ ጠቁሯል፤ አፈሩ የረጠበ አመድ ይሸታል። ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የዛገ ቆርቆሮ። እንደገና ጮኸ፤ ማሽን የሚያታልል ጥቁር ድንጋይ። ይስማው እንዳስተማረው እያንዳንዱን ድምፅ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ፈተነ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚጮህ ውሸት ነው፣ ከሁለቱም የሚጮህ እውነት።

“ይኼ መሬት ጠልቶኛል” አለ ላቡን እየጠረገ።

ያኔ ነው በማዳመጫው ውስጥ የተቆራረጠ ጩኸት የመጣው። ይህን ማንም ቆፋሪ ያውቀዋል፤ ሁለት ማሽኖች ሲቀራረቡ አንዱ ሌላውን ያስጮኸዋል። ያን ጊዜ የሰማው ይጣራል፤ የተጠራው ያጠፋል። ጓዴም ሳያስብ ተጣራ።

“ማሽንህን አጥፋ!”

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

“ማነህ?” አለና ዙሪያውን ቃኘ። ጠዋት ሸለቆው አፍ ድረስ የሸኙት ሽማግሌው ቆፋሪ ጋሽ አበጋዝ፣ “ያ ጉድጓድ ከተደረመሰ ወዲህ ሰው አልረገጠውም፤ አንተም ብትመለስ ይሻልሃል” ብለውት ነበር። ጭቃው ላይ ከራሱ ዱካ በቀር ሌላ ዱካ አልነበረም።

ጩኸቱ ተመለሰ። ሳህኑን ወደ ላይ ሲያነሳ ይደክማል፤ ወደ መሬት ሲያስጠጋው ይበረታል። ጓዴ በደስታ ወደ መሬቱ ጎንበስ አለ።

“ይስማው ወንድምዓለም? አንተ ነህ?”

የማሽን ባትሪ እንኳን ዓመት አንድ ቀንም በቅጡ እንደማይቆይ ያሰበው ከተጣራ በኋላ ነው። ማሽኑን አጠፋ፤ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም። ከአፈሩ ሥር ግን ያ ድምፅ አለ፤ ያለ ማዳመጫ፣ ያለ ማሽን፣ ወዲያና ወዲህ እያለ በቀስታ የሚጠርግ። ወደ ኋላ ሸሸ፤ ድምፁ ተከተለው። ወደ ዛፉ ሮጠ፤ ቀድሞት ጠበቀው።

“ማሽንህን አጥፋ!” ብሎ ጮኸ፤ አሁን ግን ድምፁ አልታዘዘም።

ድምፁ ብረት ካለበት ግራ እግሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። በቁመት አለፈና ጮኸ። ዞሮ በአግድም አለፈና ጮኸ።

ከዚያ ጸጥ አለ፤ ወዲያውም ከጓዴ ውስጥ እግር ሥር፣ ከታች ወደ ላይ፣ የመጀመሪያው የአካፋ ምት አረፈ።