የዓሣ ቆዳው መጽሐፍ መልስ

በግምዣ መንግሥት የሸምቤ ወንዝ በድፍን ክረምት ነጥፎ ሲያድር ሕዝቡ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። የመጻሕፍቱ ጠባቂ የኔታ ዝክሩ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጡ። በግምዣ ሕግ እንግዳ መጽሐፍ ያነበበ ደራሲ መልስ ይጽፍለታል፤ መቶ ዓመት መልስ ያጣ መጽሐፍ ተቀይሞ የተረከውን ነገር ይዞት ይሞታል።

መጽሐፍ ስል ደግሞ ተራ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ! ዓይነ ስውር ብቻ የሚያነበው አለ፤ ሲዋሹበት የሚያስነጥስም አለ። ወንዙን የተረከውና መቶ ዓመቱ የሞላው የሸምቤ መጽሐፍ ግን የሁሉም አውራ ነው፤ በዓሣ ቆዳ ተደጉሷል፣ ሲገለጥ ውኃ ይንሿሿል። ምን ያደርጋል! ሰባት ስመ ጥር ደራስያን የጻፉለትን መልስ ቀለሙን መልሶ ተፍቶባቸዋል። ሁሉም ያወደሱት ራሳቸውን ነበርና።

«እኔ ልሂድ» አለች ደቀ መዝሙራቸው ሐመልማሊት።

«ልጄ፣ መልስሽን ከተቀበለ ፊደል ከዓይንሽ ይጠፋል። ዳግመኛ አታነቢም።»

ሐመልማሊት እንባዋ መጣ። ከንባብ ሌላ የምትወደው አልነበራትም። «ወንዙ ከሚሞት እኔ ልደንቁር» አለች።

«መጽሐፉ ካለበት ምድር ቤት ያደፈጠው አውሬ እኔን ሳይበላ እሷን ቢነካ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» ሲል ማለ የቤተ መጻሕፍቱን በር የሚጠብቀው ወታደር ጉልላት።

ሁለቱ ወደ ምድር ቤቱ ሦስት መቶ ደረጃ ወረዱ። በመጽሐፉ ቂም የሚኖረው ብራና በል አውሬ ዝርኩም መንጋጋውን ከፍቶ ሲወረወር ጉልላት ጋሻውን በጉሮሮው ወተፈበት። ሐመልማሊትም መጽሐፉን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። አቤት ውበት! መጻፍ እስክትረሳ ድረስ አነበበች።

«ኧረ ቶሎ በይ፣ እጄ ዛለ!» ብሎ ጮኸ ጉልላት።

ብዕሯን አነሣች፤ ቅኔ አልዘረፈችም። «አርባኛው ገጽ ላይ ስለ ወንዙ ድንጋዮች የተረክኸውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በየቀኑ እየተሻገርሁት አይቼው የማላውቀውን ወንዜን አሳየኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጻፈች።

መጽሐፉ ቀለሙን ጠጣው። ዝርኩም ተልፈስፍሶ ወደቀ፤ ከላይ የሸምቤ ወንዝ ጩኸት ተሰማ።

አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። ንጉሡ መልሱ ለሕዝብ ይነበብ ሲሉ የኔታ መጽሐፉን አቀበሏት። ሐመልማሊት ገጹን አየችው፣ በእጇም ዳሰሰችው።

«እርስዎ ያንብቡት፣ የኔታ» አለች ወደ ሕዝቡ መካከል እየገባች፤ «እኔ ከእነሱ ጋር እሰማለሁ።»