ካርድህ እንዳይበላብህ ብዬ

ስልኬ ሁሉ ነገር አለው፤ ዳታ ብቻ የለውም። ፓኬጅ ግዢልኝ ስላት እማዬ «ስልኩን መግዛቴ አነሰሽ?» ትላለች። ስለዚህ የእኔ ኢንተርኔት ያለው ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ እንግዳ ማረፊያ ግድግዳ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ነው። ፓስወርዱን የነገረችኝ ጓደኛዬ ሐዋ ናት፤ ቤቱ የአጎቷ ነው። ከድንጋዩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካልኩ ዋይፋዩ ይጠፋል።

አንድ ቀን ስመጣ አንድ ረጅም ልጅ ድንጋዬ ላይ ተቀምጧል።

«ተነስ፣ ቦታዬ ነው።»

«ስምሽ የት ጋ ተጽፏል?»

«ስትነሳ ታየዋለህ።»

ተነስቶ አየ! እውነት እውነት ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ፈተሸው። ሳቄ አመለጠኝ።

ኤልሳዕ ይባላል። አባቱ ወታደር ነው፤ ሐረር ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ድንጋዩ ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ጠበበኝ ያለ ግን የለም።

እሱም ዳታ የለውም። ስለዚህ የሚስኮል ሕግ አወጣን። አንድ ሚስኮል፣ «ድንጋዩ ጋ ነኝ።» ሁለት ሚስኮል፣ «ዛሬ አልችልም።» ሦስተኛውን የጨመረው እሱ ነው።

«ሦስት ሲሆንስ ምንድን ነው?» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ጀመር። ዋይፋዩ እኮ ጠፍቶ ነበር! ምን እንደሚነካካ እንጃ። እኔ ግን ገብቶኛል።

«ብቻ እንዳታነሺው ዮዲ። ካነሳሽው ካርዴን በላሽው!»

«አንተም ብታነሳ ወየውልህ!»

ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን በስልክ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ፈተና ደረሰ። ቅዳሜና እሁድ እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ መውጣት የለም። ሰኞ ፈተናዬ ከሰዓት ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ሆኜ ስልኬ ጠራ። ኤልሳዕ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ አይዘጋም። ይሄ ቀልበ ቢስ መዝጋቱን ረሳው፣ ካርዱ ሊያልቅበት ነው ብዬ ቶሎ ቆረጥኩለት። ደግሞ ጠራ። ቆረጥኩት። ደግሞ ጠራ። ሦስት! ልቤ ሞቀ፤ እየሳቅሁ ቆረጥኩት። እማዬ ጓዳ ስትገባ ወደ ድንጋዩ በረርኩ።

ማንም የለም። ዋይፋዩ ያዘ። የእሁድ መልእክቱ ገባ።

«ዮዲዬ፣ አባዬ ወደ ጎዴ ተቀይሯል፤ ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ከፈለግሽኝ እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር አክስቴ ጋ ቀርቼ እማራለሁ፤ አባዬ ፈቅዷል። ግን በድምፅሽ ንገሪኝ። ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ሚስኮል አይደለም፣ ካርድ ሞልቻለሁ። አንሺና አትሂድ በይኝ። ካላነሳሽ ይገባኛል።»

ሐዋ ቤት ሮጬ በስልኳ አምስት ጊዜ ደወልኩ። አምስቱንም ጊዜ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ ያቺ የቴሌ ሴትዮ።

«አንቺ ደግሞ፣ ብታነሺው ምን ነበረበት?» አለች ሐዋ።

«ካርዱ እንዳይበላበት ብዬ።»

«ያ አላህ!» አለች። ሌላ ጊዜ ብትሆን ትስቅብኝ ነበር። አቀፈችኝ።

ሁሉንም ጻፍኩለት፤ አንድም አልደበቅሁም። በስድስተኛው ቀን አነበበው። እየጻፈ ነው ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ እየጻፈ ነው ይላል። 

«ካርዱን ለማን የምሞላው መስሎሽ ነው ዮዲ?»

ቀጥሎ፣ «እዚህ ትምህርት ቤት አስመዝግበውኛል።»

ሌላ አልጻፈም።

አሁን እማዬ ሳልጠይቃት ፓኬጅ ትገዛልኛለች፤ ማልቀሴን አይታ ይሆናል። እኔ ግን አሁንም ድንጋዩ ጋ እሄዳለሁ፤ ጠርዙ ላይ እቀመጣለሁ፣ ግማሹን ለእሱ ትቼ።

ስልኬ ሲጠራም ገና ከመጥራቱ አነሳዋለሁ። የማንም ይሁን።

«ዮዲ! ሚስኮል እኮ ነው፣ ካርዴን በላሽው!» ትጮሃለች ሐዋ።

ትጩህ።