ግራዬን አታስነኪ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔም ከሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው።

ግን ሆኗል። በእኛ ቤት ሆኗል። በጨለማ ደግሞ አይደለም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናታችን ቤት ደረጃ ላይ ነው። ጎረቤት ልብስ ታሰጣ ነበር። መንገዱ ላይ መኪና ጡሩምባ ይነፋ ነበር።

ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከአንድ ድምፅ በቀር።

ዱብ...

ዝምታ።

ዱብ...

ሰው ደረጃ ሲወጣ የሁለት እግር ኮቴ ነው የሚሰማው። ይሄ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሊመጣ በሚገባው ቦታ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ያው አንዱ።

ከመቀጠሌ በፊት ትንሽ ልንገራችሁ። ለትምህርት ርቄ ሄጄ፣ ዓመታት ቆይቼ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። እናቴ የቀኝ ጉልበቷን ያስቀየረችው እኔ በሌለሁበት ነው። መገጣጠሚያዋ አልቆ፣ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ መከራዋን አይታለች። ሐኪሞቹ የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠው ብረትና ፕላስቲክ ተኩላት። ስንቱ ሰው ተሠርቶ፣ ድኖ በእግሩ የሚሄድበት ሕክምና ነው።

«የተማረ ይግደለኝ ብዬ ገባሁ፣ አልገደለኝም!» እያለች በስልክ ታስቀኝ ነበር።

አሁን ተራው የግራዋ ነው። ቀጠሮው ተይዟል። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ ሲሠራላት አጠገቧ ልሁን ብዬ።

ያን ቀን እማዬ ምሳ በልታ ጋደም ብላለች። እታለም፣ ማለቴ ታላቅ እህቴ፣ ገበያ ወጥታለች። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነኝ። ቤቱ ፎቅ ነው፤ ላይኛው ክፍል ግን ተከራዮቹ ከለቀቁ ወዲህ ማንም አይወጣበትም።

ዱብ...

ተነስቼ አየሁ።

እማዬ ነበረች።

በባዶ እግሯ፣ ደረጃው መሃል። መደገፊያውን አልያዘችም። እጆቿ ተንጠልጥለዋል። ቀኝ እግሯ ይነሳል፣ ይረግጣል፣ ይስባታል። ግራው ከኋላ እንደ ጆንያ ይጎተታል።

ዓይኗ ተጨፍኗል።

«እማዬ!»

«ቀስ በይ...» አለች በሹክሹክታ። «ይሰማል።»

«ማን ነው የሚሰማው?»

ጎንበስ ብላ የግራ ጭኗን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሕፃን እንዳይወድቅባት እንደምትይዝ እናት።

«ግራዬን አታስነኪ፣ ልጄ... የያዘችኝ እሷ ናት።»

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየች።

«እንዴ! እዚህ ምን እሠራለሁ? አንቺ ነሽ ያወጣሽኝ?»

ሳቀች። ደግፌ አወረድኳት።

እታለም ከገበያ ስትመለስ ነገርኳት። የገዛችውን ከዘንቢሉ እያወጣች ሰማችኝ።

«በእንቅልፍ ልቧ ነዋ። የማደንዘዣው ርዝራዥ ይሆናል።»

«ከተሠራች እኮ ወራት አለፏት።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ምሁሯ አንቺ ነሽ!»

«ቀኝ ጫማዋስ? ጠዋት አልገባ ብሏት አየሁ፤ ለምን ጠበባት?»

«ተቀዶ የተሰፋ እግር አያብጥም?» ዘንቢሉን ገፋችው። «ስሚኝ እህቴ። አንቺ እናትሽን የምታውቂያት በስልክ ነው። 'ግራዬን፣ ግራዬን' እያለች ስታቃስት አጠገቧ የማድረው እኔ ነኝ። ይሠራላታል፣ አለቀ።»

እውነቷን ነው።

እራት ላይ እማዬን ራሷን ጠየቅኳት።

«ይሠሩልኝ እንጂ!» አለች ደስ ብሏት። «ግራዬንም ይጨርሱልኝ። ሁለቱም እኩል ይሁኑ።»

ድምፅዋ የእሷ ነው። ሳቋም የእሷ ነው።

ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ስር አየሁ። ቀኝ እግሯ ወለሉን ይመታል። ሠርግ እንደተጠራ ሰው። እሷ አላወቀችም፤ ዝም ብላ ትበላለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላረፈም። የቷ ናት እናቴ? ደረጃው ላይ ያንሾካሾከችው ናት... ወይስ ጠረጴዛው ላይ የሳቀችው?

በማግስቱ ጠዋት አሥር አለቃው መጣ። ወታደር አይደለም። እማዬን እቤት እየመጣ የሚያለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት ነው። «ከፍ! ዝቅ! ከፍ! ዝቅ!» ስለሚል ስሙን ያወጣችለት እታለም ናት።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ሩጫ እንወዳደራለን!»

«አንተን ለመቅደም አንድ እግር ይበቃኛል» አለችው እማዬ።

ደረጃው ላይ ሲያለማምዳት ቆሜ አየሁ። ቀኝ። ከዚያ ግራ። ቀኝ። ከዚያ ግራ።

ሲጨርሱ እማዬ ልታርፍ ገባች። እሱን በር ድረስ ሸኘሁት።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ጎበዝ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ...» ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «ደንቡ ቀላል ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የተሠራው። እሳቸው ግን ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ጀምሮ ሲወጡ የሚያስቀድሙት የተሠራውን ነው። ግራዎን ያስቀድሙ እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። እግሩ እንቢ ይላል።»

ሳቅ አለ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሳቁን ዋጠው።

«ይሄን አረማመድ ደግሞ አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«የት?»

«ሌላ ሰው ላይ። አንድ ረጅም ሰውዬ... ግራ እግራቸው ተቆርጦ እኔው ነበርኩ የማለማምዳቸው።»

«አሁን የት ናቸው?»

የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ።

«ሞተዋል።»

እሱ እንደሄደ ቁልፉን ፈልጌ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣሁ።

በሩ አልተቆለፈም።

ክፍሉ ባዶ ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ገብቶ ወለሉ ላይ የተኛውን አቧራ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አቧራው ላይ የእግር ዱካ አለ። ከበሩ ተነስቶ መስኮቱ ድረስ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ሄዷል።

ሁሉም ቀኝ እግር ነው።

አንድም ግራ የለም። ተጎትቶ ቢሆን እንኳ መስመር መተው ነበረበት። የለም። ከእያንዳንዱ ቀኝ ቀጥሎ አንድ እግር የሚያህል ቦታ ተትቷል... ለሚመጣ እንግዳ እንደሚያዝ ወንበር።

ወርጄ የእማዬን ነጠላ ጫማ አመጣሁና ዱካው ላይ አስቀመጥኩት።

ዱካው በጣት ይበልጠዋል።

ለእታለም አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ተከራዮቹ ይሆናሉ» አለች። ድምፅዋ ግን አላመነም። መጥረጊያ አምጥታ ወለሉን ጠረገችውና ወረደች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው፣ ነርሶቹ ትሁት ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እማዬ አልጋ ላይ እንደተኛች አንሶላውን ገለጥ አደረጉላት።

«እማማ፣ ዛሬ የምንሠራው የቱን እግር ነው?»

ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የተሳሳተ እግር እንዳይነካ ታካሚው በራሱ አፍ እንዲናገር ደንብ ነው።

«ግራውን» አለች እማዬ ፈገግ ብላ።

ከኪሳቸው ሐምራዊ እስክሪብቶ አወጡ። ግራ ጭኗ ላይ ወደ ጉልበቷ የሚያመለክት ቀስት ሣሉ። ወፍራም፣ ደማቅ።

«ይሄ ቀለም በውሃ አይለቅም» አሉኝ ስመለከት አይተው። «እግሩን ስናጥብ ጠፍቶ ግራ እንዳያጋባን።»

ከክፍሉ ሲወጡ ተከተልኳቸው።

«ዶክተር፣ ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ያስገቡት ምንድን ነው?»

«ብረትና ፕላስቲክ ነዋ። አጥንቱ በአንድ ጎን በጣም ተበልቶ ስለነበር፣ ጎድጓዳውን ከሞተ ሰው በተለገሰ አጥንት ሞላነው።»

«የማን አጥንት?»

«አይነገርም። የተለመደ አሠራር ነው፣ አትስጊ። በደንብ ይጸዳል፣ ይመረመራል።» ሊሄዱ ብለው ቆም አሉ። ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ። «አንቺም በግራ እግርሽ ታነክሻለሽ ልበል?»

«እኔ? ምንም አላመመኝም።»

«የእናትሽ ጉልበት ነው ያለሽ» አሉ። «በደንብ ያዢው።»

ስመለስ ነርሷ የአልጋውን ፍሬን አንስታለች። እታለም የእማዬን ነጠላ ጫማ ታቅፋ ቆማለች።

«ቶሎ በሉ፣ ቶሎ!» ትላለች እማዬ እየሳቀች።

አጠገቧ ስደርስ ግን እጄን ያዘችኝ። ጨመቀችኝ። አፏ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ከዓይኗ ግን እንባ ይወርዳል።

«ልጄ...» አለች እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። «ግራዬን...»

«ይቁም!» አልኩ።

«አበድሽ?» አለች እታለም።

ሐኪሙ መጡ። ቆጣ አላሉም። ጎንበስ ብለው ጠየቋት።

«እማማ፣ እንሥራው ወይስ እንተወው? የሚበቃኝ የእርስዎ ቃል ነው።»

እማዬ አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣም። እንደምንም ብላ ራሷን ነቀነቀች... አይሠራ።

በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግሯ አንሶላውን ረግጦ መሬት ላይ ጣለው።

ነርሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ወደ ቤት ተመለስን። እታለም እማዬን አስተኝታ፣ «ደስ አለሽ?» ብላኝ በሩን ዘግታ ወጣች።

እኔ ወንበር ስቤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ግራዋ ተርፏል። ከእንግዲህ የእኔ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ቢያንስ እናቴ ሙሉ በሙሉ አልተወሰደችብኝም አልኩ በልቤ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሐምራዊው ቀስት ጭኗ ላይ አለ። በፎጣ አሸሁት። ንቅንቅ አላለም።

የቤቱ ጸጥታ፣ የቀኑ ሙቀት... ዓይኔን ከደን አደረግኩ።

ስነቃ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች። መንገዱ ላይ መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

እማዬ ተኝታለች። ፊቷ እንደዚያ ረጋ ብሎ ካየሁት ስንት ዘመኑ። ብርድ ልብሱ ከግራ እግሯ ላይ ተንሸራቷል።

ጭኗ ንጹሕ ነው።

ቀስቱ የለም። ምልክቱም፣ ጥላውም የለም።

«እማዬ...» አልኩ። አልነቃችም።

ያኔ ነው ጉልበቴ አካባቢ አንድ ነገር የቀዘቀዘኝ። እርጥብ ነገር።

ቀሚሴን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩት።

ሐምራዊ ቀስት። ወፍራም፣ ደማቅ። ግራ ጭኔ ላይ። ጫፉ ወደ ጉልበቴ ያመለክታል።

በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ሐምራዊ ሆነ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

እግሬ አውጪኝ ልል ነበር... ግን በየትኛው እግሬ?

ከብርድ ልብሱ ስር የእማዬ ቀኝ እግር ተነሳ። የአልጋውን ጠርዝ መታ።

ዱብ...

ዝምታ። ያው ዝምታ። ያው የተተወ ቦታ።

እና የእኔ ግራ እግር፣ እኔ ሳላዘው፣ ቀስ ብሎ ከወለሉ ተነሳ።

ዱብ።