አራተኛው ቋጠሮ

ገመዷ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈችው በዲመካ ገበያ፣ ፍየል በሚጎተትበት ግርግር መሃል ነው።

«አራት ቋጠሮ» አለ ኤርጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዛሬው ተፈትቷል። ጠዋት ጠዋት አንድ እየፈታህ፣ የመጨረሻዋን በፈታህ ዕለት የእህቴ ልጅ ከብት ይዘላል። ጥይቱም ያን ቀን ይገባል።»

ሐመሮች ለከብት ዝላይ ሰው የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ ቀኑን ቋጥረው ይልካሉ።

ጨሌ ሻጩ ሀብታሙ ገመዷን የእጁ አንጓ ላይ አሰራት። ሀብታሙ እንኳ ስሙ አይደለም፤ በስውር የላኩት ፖሊሶች «ዛጎል» ነው የሚሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ኤርጎ ቤት እያደረ፣ የሚስቱን የቤኪን የማሽላ ገንፎ እየበላ፣ ሰው የሚያጨራርሰው ጥይት የሚገባበትን መንገድ ሲያነፈንፍ ኖሯል። ኤርጎ ጠቋሚው ነው። ጠቋሚ ብቻም አይደል፣ ወንድሙ ሆኗል።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ዳርጌ ጨሌ ሊገዙ መጡ። እሳቸውም ለዚያው ዝላይ ተጠርተዋል፤ ገመዳቸው ወገባቸው ላይ ተንጠልጥላለች።

ሦስት ቋጠሮ።

«አባባ፣ የነገውንም ፈቱት እንዴ?»

«ቀን የሚስት ሽማግሌ አገኘሁ ብለህ ልትስቅብኝ ነው?» ሳቁ። «የዛሬውን ነው የፈታሁ። ይልቅ የጨሌህን ዋጋ ቀንስ!»

ሀብታሙ የሌላ ተጋባዥ ገመድ በዓይኑ ፈለገ።

ሦስት።

ኤርጎ ለእሱ ብቻ አንድ ቋጠሮ ጨምሮበታል።

አላየሁም ማለት ይችል ነበር፣ ልጆቼ። አንድ ቀን ዘግይቶ ደርሶ፣ ባዶ ሜዳ አግኝቶ፣ ኤርጎን እንደወደደ መኖር። ግን ያ ጥይት አምና የፈጃቸውን ሰዎች በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ቀብሯል።

ጂንካ ላለው አለቃው ደወለ።

«ቀይ ጨሌ ላክልኝ። ሦስት ክር።»

ሦስት ቀን ማለት ነው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

ከዚያ በየማለዳው፣ ኤርጎ እያየው አንዷን ይፈታል። ኤርጎም ፈገግ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ሀብታሙ በዝላዩ ሜዳ ከተጋባዦቹ መሃል ቆሞ፣ የሴቶቹ ጥሩንባ እየተነፋ ሳለ ፖሊሶች ከቁጥቋጦው ወጡ። ጥይቱ በማሽላ ጆንያ ውስጥ ነበር።

የተሸከመው ኤርጎ ነው።

እጁ ሲታሰር ሀብታሙን አየው። «የጥይቱ ወሬ ገበያ ወጥቶ ነበር። ቀኑን ብቻ ነው ልደብቅህ የቻልኩ» አለ በሹክሹክታ። «ባታውቅ ምን ነበረበት? ወንድሜ ሆነህ ትኖር ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሀብታሙ ሻንጣውን ሊወስድ ቤኪ ዘንድ ሄደ።

«ወንድሜ» አለችው፤ ዓይኗ አብጧል። «ማን እንደጠቆመበት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

እውነቱን ለማወቅ ያን ሁሉ የከፈለ ሰው፣ ለእሷ መንገር አቃተው። ገመዷን ግን ረስቷታል። ሻንጣውን ሲያነሳ አንጓው ላይ ታየች፤ አንድ ቋጠሮ ቀርቷታል።

ቤኪ አየቻት።

«ባንተ ገመድ ዝላዩ ገና ዛሬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ግን እዚያ አይቼሃለሁ። ማን ነግሮህ መጣህ?»

እጅጌውን ወደ አንጓው ጎተተ።

እጁን ሳበች። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ራሷ ፈታችና እጁን ለቀቀችው።

«አለቀ። እንግዲህ ሂድ፣ አንተ እንግዳ።»

ሚኒባሱ ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ስሙን ጠየቀችው።

«ተመስገን» አላት።

ጂንካ ወርዶ ከሰዉ ተቀላቀለ። አውራ ጣቱ ግን ባዶዋን ገመድ ይዳብስ ነበር።