እኩል ያለቀ ሶል

ጫማ ሰፊው አባቷ ጥንዱን ጫማ ገልብጦ ሶሉን አየ። እሷ ከተከራዩ አልጋ ሥር አንስታ ያመጣችው፣ የሚድንበት ቀን ሲደርስ ተወልውሎ እንዲጠብቀው ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ሶል መቼ ነው የለወጥኩለት?»

«እግሩን ወለም ባለው ማግስት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ወር ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም፣ አባዬ። ቀኙን መሬት አያስነካም።»

አባቷ አውራ ጣቱን በሁለቱም ተረከዞች ላይ አሳለፈ። «ግራና ቀኙ እኩል አልቋል። ይሄ ሰው አያነክስም፤ ደህና አድርጎ ይሄዳል።»

እሱ የወደቀ ቀን ደረጃውን ያጠበችው እሷ ነበረች። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ተከራይ፣ የሕንፃ ንድፍ ሠሪው፣ አዳልጦት የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ሲጎዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ማስታመም ጀመረች። በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ያዘችለት፤ እግሩን በሁለት ትራስ ላይ አሳረፈች፤ ፋሻውን ከጣቶቹ ሥር ጀምራ ወደ ላይ ጠቀለለች።

«ዶክተር፣ አጠበቅሽው መሰለኝ» ይላት ነበር በቀልድ። «ልቤ ድረስ ተሰማኝ።»

ቀስ በቀስ ጥፋተኝነቷ ሌላ ስሜት ሆነ። በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ለመምህርነት ሲጠራት ደብዳቤውን አነበበችለት። እሱም እግሩን አየት አድርጎ፣ «አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ያነሣኛል?» አላት። በማግስቱ፣ አልመጣም ብላ ጻፈች። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ከአባቷ ዘንድ ተመልሳ ወደ ክፍሉ ስትገባ እግሩን እንደ ልማዱ ትራሱ ላይ ዘረጋላት። ተንበርክካ ፋሻውን ፈታች፤ ጅማቱን በአውራ ጣቷ ተጫነች።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

«ቀስ በይ፣ ዶክተር።»

«ጫማህን አባቴ አየው።»

ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። «ከዳንኩ የምትሄጂ መሰለኝ» አለ። «ፈራሁ።»

የፈታችውን ፋሻ ድቡልቡል አድርጋ ጠቀለለችው፤ ጫፉን አስገብታ ኪሷ ከተተችው።

«ቅሪ ብትለኝ እኮ እቀር ነበር።»

ወጣች። ደረጃው መሃል ስትደርስ በባዶ እግሩ ሲከተላት ሰማች። ፈጣን፣ እኩል፣ ምንም የማያነክስ እርምጃ ነበር፤ ወር ሙሉ ለመስማት ስትመኘው የኖረችው።

ዞራ አላየችም።